ከግሸን የመጣው ስዕል

ግሸን ማርያም ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ካልሄዳችሁ ለመስከረም 21 ጠንካራ ጫማ አዘጋጁ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በአምባሰል ተራሮች መካከል የሚጠማዘዘው መንገድ ይቀጥላል፤ የመጨረሻውን አቀበት በእግራችሁ ትወጡታላችሁ። አምባው ራሱ የመስቀል ቅርጽ አለው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ ያረፈው እዚህ ነው።

እኔ ግን የወጣሁት ለበዓሉ ብቻ አልነበረም፤ አንድ የጠፋ ወረቀት ለመፈለግም ጭምር ነው።

አያቴ ከግሸን ያመጣችው የእመቤታችን ስዕል ሳሎናችን ውስጥ ለዓመታት ተለጥፎ ነበር። ጠርዙ ተበልቷል፣ ቀለሙም በዕጣን ጢስ ደብዝዟል። ቤቱ ቀለም ሲቀባ ገንጥዬ የጣልኩት እኔ ነኝ። አያቴ አልተቆጣችም። «እናትሽን ወልጄ ስለቴን ላደርስ የወጣሁ ጊዜ የገዛሁት ነበር» ብቻ አለችኝ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ፖስተር አሳትማለሁ፤ ዘመቻው ሲያልቅ አስነሳለሁ። ጊዜው ያለፈበት ወረቀት ቆሻሻ ይመስለኝ ነበር። ሌላው ዓለም ግን እንዲህ አያስብም። የጀርመን ፊልም መናገር በጀመረበት ዘመን የታተሙ ፖስተሮችን፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1930 የወጣውን የ«ሰማያዊው መልአክ»ን፣ ሰብሳቢዎች አጥብቀው ይፈልጓቸዋል። ድምፅ ከመምጣቱ ትንሽ ቀደም ብሎ በ1927 የታየው የ«ሜትሮፖሊስ» ፖስተር በ2005 በ690,000 ዶላር ተሽጧል። የታተሙት ተለጥፈው እንዲቀደዱ ስለነበር የተረፉት ጥቂት ናቸው። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ አገራችንን በ«የ13 ወር ፀጋ» ያስተዋወቁባቸው የቆዩ ፖስተሮችም ዛሬ እንዲሁ ይፈለጋሉ።

ግሸን ላይ ስዕል የሚሸጡ አንዲት እናት ዘንድ ቆሜ የድሮ እንዳላቸው ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ። «የድሮውን ማን ያወጣዋል ልጄ? በየቤቱ ነው ያለው» አሉኝ።

ስለዚህ እናንተ ቤት ያለውን ጠብቁት። ፕላስተር አትለጥፉበት፤ ሙጫው ወረቀቱን ያበላሸዋል። ላሚኔት አታስደርጉት፤ አንዴ ከተጣበቀ አይላቀቅም። ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁት። ከሁሉ በላይ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደገዛው ጠይቃችሁ በጀርባው በእርሳስ ጻፉ። ዋጋ የሚሰጠው ይህ ታሪክ ነው፤ ነጋሪው ከሌለ ደግሞ ከየትም አይገኝም።

አዲስ ስዕል ገዝቼ፣ ቀኑንና ስሜን በጀርባው ጽፌ ለአያቴ ወሰድኩላት። ተሳለመችው። ጽሑፉን አንብቢልኝ አለችና አነበብኩላት። ትንሽ ዝም ብላ «የእናትሽንም ጨምሪበት» አለችኝ።

እርሳሴን አወጣሁ።