የጉሬዛ ጉልበት

ንባብ፦ 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 9

ወገኖቼ፣ በአማርኛችን «ጉልበት» ሁለት ነገር ነው። እግራችን የሚታጠፍበትም ጉልበት ነው፤ አቅምም ጉልበት ነው። ባለፉት ሁለት ወራት ዲመካ ባለው ቤታችን ሁለት ጉልበታቸውን ያጡ ፍጥረታት አብረው ከርመዋል። አንዷ እናቴ ናት፤ ሌላው ውሻችን ጉሬዛ።

ጉሬዛ ስሙን ያገኘው ከጥቁርና ነጭ ጸጉሩ ነው። በሐመር ምድር ውሻ ለጌጥ አይያዝም፤ ሌሊት ጅብና ቀበሮ በረቱን እንዳይዳፈሩ የሚያደርገው እርሱ ነው። አንድ ሌሊት ጅብ አባሮ ሲመለስ የግራ የኋላ እግሩን አንጠልጥሎ መጣ። አጥንቱ አልተሰበረም፤ ሳምንታት አልፈው ግን አልረገጠበትም። ቢሾፍቱ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የምትማረው የእኅቴ ልጅ ቪዲዮውን አይታ፣ «አጎቴ፣ የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ይሆናል፤ መታየት አለበት» አለችኝ። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አንድ ወዳጄ በመኪናው ጫነን፤ በኮንሶና በአርባ ምንጭ አድርገን ሁለት ቀን ተጓዝን። እርሷ ያለችው ልክ ነበር፤ ጉሬዛም ቀዶ ሕክምና ተደረገለት።

«ይህ ሁሉ ለውሻ?» ያሉኝ ወንድሞች አሉ። በድርቁ ዓመታት ከብት ያለቀባቸው ጎረቤቶች ባሉበት ወረዳ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አልተቆጣሁም። ምሳሌ 12፥10 ጻድቅ ሰው የእንስሳውን ነፍስ እንደሚያስብ ይናገራል። ከዚያ በላይ የምጨምረው፣ ስንት ዓመት የእኛን ፍየሎች ሲጠብቅ ያደረ እንስሳ ጉልበቱ ሲያልቅ መጣል አልሆነልኝም።

ሐኪሙ ያስረዱኝን ልንገራችሁ፤ እኔን ብዙ አሳስቦኛልና። የጭኑን አጥንት ከቅልጥሙ ጋር አጥብቆ የሚይዘው ጅማት አንዴ ከተበጠሰ ተመልሶ አይገናኝም። እርሳቸው የሠሩት ከመገጣጠሚያው ውጭ በጠንካራ ናይለን ክር ጉልበቱን አጥብቆ ማሰር ነው። ክሩ ግን ለዘለቄታው አይደለም፤ ከጊዜ በኋላ ሊላላ ወይም ሊበጠስ ይችላል። የክሩ ሥራ ጊዜ መስጠት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የውሻው ገላ ራሱ በጉልበቱ ዙሪያ ጠባሳ ይሠራል፤ ኋላም እግሩን የሚይዘው ያ ጠባሳ ነው። ስለዚህ ስድስት፣ ስምንት ሳምንት ሩጫ የለም፤ ዝላይ የለም፤ ሳይታሰሩ መውጣት የለም።

እንግዲህ ማስታመሙ እንዲህ ነበር። ሲሚንቶው እንዳያንሸራትተው የበረንዳውን ጥግ ከልለን ማዳበሪያ ከረጢት አነጠፍንበት። ስፌቱን እንዳይልስ የዘይት ጀሪካን ግርጌና አንገቱን ቆርጬ፣ ጠርዙን በጨርቅ ጠቅልዬ በአንገቱ አጠለቅሁለት። (የአልዓዛርን ቁስል የላሱት የሉቃስ 16 ውሾች የዛሬ ሐኪም ቢያገኛቸው ሁሉም ጀሪካን ያጠልቁ ነበር።) በረዶ ዲመካ ላይ ከየት ይመጣል? መንገድ ዳር ልጆች «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ የሚለምኑትን የውሃ ፕላስቲክ ሞልቼ ባለሱቁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩ፤ ሲቀዘቅዝ በጨርቅ ጠቅልዬ በቀን ሦስት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ ጉልበቱ ላይ እይዝለት ነበር። ለመሽናት ሲወጣ የእናቴን አሮጌ ነጠላ በሆዱ ሥር አሳልፌ ከኋላ እደግፈዋለሁ። የሰው ማስታገሻ እንዳልሰጠው የእኅቴ ልጅ አጥብቃ ነግራኛለች፤ እኛ እንደ ቀላል የምንውጠው አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ስፌቱ በ12ኛው ቀን ወጣ።

ከባዱ የመጀመሪያው ሳምንት አልነበረም። ከባዱ ሦስተኛው ነው። ሕመሙ ሲለቀው ጉሬዛ የዳነ መሰለው። ማለዳ የፍየሎቹ ቃጭል ሲሰማ ይነሣል፤ ገመዱ ይይዘዋል፤ ያላዝናል። ሌሊት ጅብ ሲጮህማ የእርሱን ዋይታ ሰምቶ የሚተኛ የለም። የቡና ገለፈት ሊጠጡ የመጡ አንድ ሐመር ጎረቤታችን ቅላቸውን እንደያዙ ብዙ ካዩት በኋላ፣ «ከወደዳችሁት ለምን ታስሩታላችሁ?» አሉ። እናቴ ናት የመለሰችላቸው፦ «ቢሮጥ ያ ሁሉ ሥራ ይበጠሳል። እርሱ ይህን አያውቅም፤ እኛም ልናስረዳው አንችልም።»

እናቴ በዚህ ጉዳይ የምትናገረው ከራሷ ነው። ዕድሜዋን ሁሉ ሌሊት ተንበርክካ የጸለየች ሴት ናት። ሁለት ዓመት ሆነ ጉልበቶቿ አልታጠፍ ካሉ። ተጸልዮላታል፤ እኔም ጸልያለሁ፤ ጌታ እንደሚፈውስ አምናለሁ፤ ፈውስ ሲያደርግም በዓይኔ አይቻለሁ። የእርሷ ጉልበት ግን እንዳለ ነው። አንድ እንግዳ አገልጋይ በጉባኤ ፊት እጁን ጭኖባት «ተነሺና ተንበርከኪ» ብሏት ሳትችል ስትቀር፣ «እምነት ጎድሎሻል» አላት። ከዚያ ቀን በኋላ እሑድ እሑድ «ዛሬ ከበደኝ» እያለች ቤት መቅረት አበዛች። እኔ ከሕመሟ ይልቅ ይህ አሞኝ ነበር።

ጉሬዛ ሲታሰር ግን ወንበሯን ወደ በረንዳው አስወጣች። እርሷ ስትቀመጥ አያላዝንም። ተቀምጣ ትጸልያለች፤ እርሱ ከነጀሪካኑ አገጩን ጫማዋ ላይ ያስደግፋል። አንድ ማታ መጽሐፍ ቅዱስ እንዳነብላት ጠየቀችኝ፤ ተራው የሜምፊቦስቴ ታሪክ ነበር።

የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ በአምስት ዓመቱ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወድቆ ሁለት እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ዳዊት ሲያስጠራው ራሱን ከሞተ ውሻ ጋር አስተካከለ። ንጉሡ ግን ለዮናታን ሲል ከልጆቹ እንደ አንዱ ከገበታው አስቀመጠው። እዚህ ላይ ልቆም ስል እናቴ፣ «ጨርሰው» አለችኝ። የምዕራፉ የመጨረሻ ቁጥር ዘወትር ከንጉሡ ገበታ ይበላ እንደነበረ ከተናገረ በኋላ፣ ሁለት እግሩም ሽባ እንደነበረ ደግሞ ይናገራል። ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሽባነቱ ከገበታው በኋላ መጻፉን ግን ያን ማታ ገና አየሁ። ዳዊት «መጀመሪያ ቆመህ ሂድ» አላለውም። እግሩ ሳይድን የልጅ ስፍራ አገኘ፤ ስፍራውም እግሩ ባለመዳኑ አልተነሣበትም። እናቴ ዝም ብላ ቆየች። ኋላ፣ «ገበታው እግሩን ሸፍኖለታል» አለች።

እነሆ ስምንተኛው ሳምንታችን ነው። ጉሬዛ በገመድ ሃያ ደቂቃ ይራመዳል፤ አራቱንም እግሮቹን ይረግጣል። ማለዳ ሲነሣ ትንሽ ያነክሳል፤ ምናልባት እንዲሁ ይቀር ይሆናል ብላኛለች የእኅቴ ልጅ። ገመዱን ለመፍታት ገና አንድ ወር ይቀረናል። የፊታችን እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን የጌታ እራት አለ። እናቴ የበረንዳውን ወንበር ቀደም ብዬ እንድወስድላት ነግራኛለች፤ ከፊት ረድፍ እንዳደርገው።