ሳሩንም ገደሉንም አይቶ ብስክሌት መግዛት

አዲስ አበባ እንደ ባሕር ዳር ወይም እንደ ሐዋሳ አይደለችም። እዚያ ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነ ፔዳል ያለው ነገር ሁሉ ያደርሳል። የእኛ ከተማ ግን ከእንጦጦ ግርጌ ጀምራ ቁልቁል የተዘረጋች ናት። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ አብዛኛው ሰፈራችንም ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በመኪና የሚሄድ ሰው ዳገቱን ልብ አይለውም። የሚያውቀው እግረኛውና ብስክሌተኛው ነው።

የምንኖረው ወሎ ሰፈር ሲሆን ልጄ የምትሠራው አራት ኪሎ ነው። የጠዋቱ የታክሲ ሰልፍ ሲያንገሸግሻት አንድ ቀን «አባዬ፣ ኮርስ ልገዛ ነው» አለችኝ። ኮርስ የሚባለው መሪው ወደ ታች የታጠፈ፣ ጎማው ቀጭን፣ ክብደቱ ቀለል ያለው የአስፋልት ብስክሌት ነው። ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 የቱር ደ ፍራንስን አረንጓዴ ማሊያ ከወሰደ ወዲህ በቤታችን የብስክሌት ወሬ በዝቷል። ልጄ ሠርታ የምታድር ናት፤ ገንዘቡም የራሷ ነው፤ አልከለክላትም። ፍርሃቱ ግን የእኔ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት፤ ሱቅ ከመግባታችን በፊት መንገዱን አብረን በእግር እንድንሄደው።

እሑድ ጠዋት ወጣን። ርቀቱ ከስድስት ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በኦሎምፒያ አድርጎ እስከ መስቀል አደባባይ ያለው መንገድ ቀላል ነው። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ለብስክሌት የተለየ መስመር ሰጥቶታል። ሆኖም መስመሩ ላይ ቆሞ ስልክ የሚያወራ ሰው አይጠፋም፤ መታጠፊያዎቹ ላይ ደግሞ መኪና ድንገት ይገባል። ልጄ አንድ የውኃ መውረጃ ፍርግርግ ዘንድ ቆመችና ጣቷን በብረቶቹ መካከል አስገባች። ገባ። «ቀጭን ጎማ ይቀረቀርበታል» አለች። እኔ ልናገር የነበረውን ራሷ ተናገረችው።

ከመስቀል አደባባይ በኋላ ወሬያችን አጠረ። አፍሪካ አዳራሽን፣ የኢዮቤልዩን ቤተ መንግሥት አልፈን ሂልተን ጋ ስንደርስ ቆሜ ትንፋሼን ሰበሰብኩ። ጥላው ደስ ይላል፤ ዳገቱ ግን አያልቅም። ልጄ ዞር ብላ የመጣንበትን ቁልቁል አየች። «አባዬ፣ ማታ ስመለስ ይኼንን ነው የምወርደው» አለች። እኔ ስለ ዳገቱ ሳስብ እሷ ስለ ፍሬኑ ታስብ ነበር።

አራት ኪሎ ደርሰን ማኪያቶ እየጠጣን የሚያስፈልጋትን በወረቀት ጻፍን። ለዳገቱ ቀላል ማርሽ፤ ለቁልቁለቱ በዝናብም የሚይዝ ፍሬን፤ ለፍርግርጉና ለጉድጓዱ ወፈር ያለ ጎማ፤ ለክረምቱ ጭቃ መከላከያ። የብስክሌቱ ቀለም ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

በሳምንቱ ያገለገሉ ብስክሌቶች የሚሸጡበት ሱቅ ሄድን። መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈበት ቀይ የውድድር ኮርስ ነበር። ባለሙያው ሐቀኛ ሰው ነው። «ጋሼ፣ ይኼ ሜዳ ላይ ይበራል፤ የእናንተን ዳገት ግን በየቀኑ አይወደውም» አለኝ። ፔዳሉ ጋ ያሉት ጥርሳም ክቦች 53 እና 39 ጥርስ ነበራቸው። ለዕለት ተዕለት ጉዞ ግን 50 እና 34 ይሻላል፤ ከኋላ ደግሞ ትልቁ ክብ 32 ጥርስ ቢኖረው ጉልበት ይቆጥባል። የቀዩ ጎማ ስፋቱ 23 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ከዚያ የሰፋ ብዙም አይገባለትም። ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ እንዳንሆን ወረቀታችንን አወጣን።

በመጨረሻ የመረጠችው ግራጫ ኮርስ ነው። 32 ሚሊ ሜትር ጎማ ይቀበላል፤ የጭቃ መከላከያና የዕቃ መጫኛ ማሰሪያ ቀዳዳዎች አሉት፤ መሪው ከፍ ስለሚል ጀርባ አያጎብጥም፤ ፍሬኑም ዲስክ ነው። ቸርኬውን የሚቆነጥጥ ፍሬን በዝናብ ጊዜ ለመያዝ ይዘገያል፤ ዲስኩ ግን ያን ያህል አይቸገርም።

ለልጅ ወይም ለልጅ ልጅ ያገለገለ ብስክሌት ለመግዛት ያሰባችሁ ወላጆች ጥቂት ነገሮችን በራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ጎማውን ከመሬት አንሥታችሁ አሽከርክሩት፤ ወዲያና ወዲህ የሚወላገድ ከሆነ ጠይቁ። ብረቶቹ የተበየዱበትን ቦታ በጣት ዳስሱ፤ ስንጥቅ ካለ ዋጋው ቢረክስም ተዉት። ልጁ ብስክሌቱን በእግሮቹ መካከል አድርጎ ሲቆም የላይኛው ብረት ሊነካው አይገባም። ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ፔዳሉን እስከ ታች ሲረግጥ ጉልበቱ በጥቂቱ ብቻ ይታጠፍ። «ያድግበታል» ተብሎ የሚገዛ ጫማ ነው፤ ብስክሌት ግን እንደዚያ አይገዛም፤ የሚገዛው በልኩ ነው። የመለዋወጫ ጎማና የፍሬን ሸራ በቅርብ መገኘታቸውንም ሳትጠይቁ ገንዘብ አትክፈሉ። ለራስ ቁርና ለፊትና ለኋላ መብራት የሚሆነውን ከመጀመሪያው አስቀምጡ፤ ከተረፈ ይገዛል የሚባል ነገር አይደለም።

ልጄ አሁን በአብዛኛው ቀን በብስክሌት ትሄዳለች። ዶፍ ሲጥል ግን ሳልነግራት ብስክሌቱን ትታ በታክሲ ትሄዳለች። ፍርሃቴ ለቆኛል አልልም፤ ግን ድሮ የምፈራው በጅምላ ነበር። አሁን የትኛው መታጠፊያ እንደሚያስፈራኝ አውቃለሁ፤ እሷም ታውቀዋለች። አራት ኪሎ ስትደርስ «ደረስኩ» የምትል አንዲት ቃል ትልክልኛለች። ቡናዬን የምጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።