ባሕር የሌላት ደሴት

ከመሀላችን አንዱ ለጫጉላ ሽርሽሩ ሲሸልስ ሊሄድ አስቦ የአውሮፕላን ዋጋ ሲጠይቅ ዋለ። ማታ ቡና ላይ ፊቱን አጥቁሮ መጣና "ለመሆኑ እኛ ደሴት የለንም?" አለን። "እንዴታ! መካነ ሰላም አለችልህ" አልነው፣ እኛ የቦረና ልጆች። ሳቀብን። እኛ ግን የምራችንን ነበር።

በምዕራብ ዓባይ፣ በሰሜን በሽሎ አገሩን በገደል ቆርጠውታል። አፋፉ ላይ ቆማችሁ ማዶ ጎጃምን ስታዩ ተጣርታችሁ የምትሰሙ ይመስላችኋል፤ መሀል ያለውን በረሃ ወርዶ መውጣት ግን ሌላ ነው። በምሥራቅ በኩል ከደሴ ጋር ደጋው ስለሚያገናኛት የጂኦግራፊ መምህራችን ቢሰሙን "ባሕረ ገብ መሬት በሉ" ብለው ያርሙን ነበር። ይሁንላቸው።

መግቢያው ከደሴ በአቀስታ በኩል ነው። ቅጥቅጥ ውስጥ ስትገቡ ጋቢያችሁን እንዳትረሱ፤ የለጋምቦ ብርድ ለእንግዳም አያዝንም።

ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን ደንቆሮ ጫካ አለ። ስሙ አያስቃችሁ፣ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ እምብርት እሱ ነው። ከፍታው ከ3,600 ሜትር ያልፋል። አስታው፣ ጅብራው፣ ጓሳው፣ ጭላዳው እዚያ ነው። ዕድል ከቀናችሁ ቀይ ቀበሮም ታያላችሁ። በዓለም ላይ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፤ ቁጥሩም 500 ገደማ ነው ይባላል። እንደ ባሌና እንደ መንዝ ጓሳ ባሉ ተራሮች ተበታትኖ ይኖራል፤ ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው ግን መሻገር አይችልም። ለእሱ ባሕሩ እርሻው ነው፤ ማረሻ ሽቅብ በወጣ ቁጥር ደሴቱ ይጠባል። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ከመንደር ውሾች ጋር ይከተለዋል። ገበሬውን እንዳንወቅስ ገበሬው አባታችን ነው፤ ልጆቹ ስንበዛ መሬቱ አልበዛለትም።

ጓደኛችን ይህን ሁሉ ሰምቶ "በቃ፣ መቼ እንሂድ?" አለን። ያኔ ዝም አልን። በ2015 ክልሉ ጦርነት ውስጥ ከገባ ወዲህ፣ ቤት ስንደውል ከእናቶቻችን ጤና በፊት የምንጠይቀው መንገዱን ሆኗል። ስለዚህ እናንተም ሻንጣ ከመሸከፋችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን አገሬውን ጠይቁ። የስሟ ትርጉም የሰላም ቦታ ለሆነ ከተማ ይህን መጻፍ ያሳፍራል። ጓደኛችንም ሲሸልስ አልሄደ፣ መካነ ሰላምም አልሄደ። ጋቢውን ግን ገዝቶ አስቀምጧል።