በብር መንገድ ላይ፦ በኋላ ጎማ የሚገፋ ፈጣን መኪና በሰሜን ስዊድን በረዶ

ከቦትኒያ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ ከምትገኘው ከሼሌፍቴኦ ከተማ ተነሥቶ በአርቪድስያውርና በአርየፕሎግ አልፎ ወደ ኖርዌይ ድንበር የሚያቀናው የስዊድን 95 ቁጥር ጎዳና የብር መንገድ በመባል ይታወቃል፤ ስያሜውን ያገኘው በ1630ዎቹ በናሳ ተራራ ከተከፈተው የብር ማዕድን ሲሆን፣ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ሳሚዎች ማዕድኑን አጋዘን በሚጎትተው የበረዶ ሸርተቴ እንዲያጓጉዙ ይገደዱ ነበር። ይህ ማስታወሻ የሚመለከተው በጥር ወር፣ ኃይለኛ ሞተር በተገጠመለትና በኋላ ጎማዎቹ በሚገፋ መኪና፣ ከባሕሩ ዳር እስከ አርየፕሎግ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ የተደረገውን ጉዞ ነው። በኋላ ጎማ የሚገፋ መኪና የሚባለው የሞተሩ ጉልበት፣ አብዛኛውን ጊዜ በመኪናው ሆድ ሥር በሚያልፍ ረጅም ዘንግና በዲፈረንሻል በኩል፣ ወደ ኋላ ጎማዎች ብቻ የሚደርስበት ነው፤ የፍጥነት ወዳጆች ይህን አሠራር የሚመርጡት የፊት ጎማዎች መሪውን ብቻ እንዲታዘዙ፣ የመግፋቱንም ሥራ የኋላዎቹ እንዲሸከሙ ስለሚያደርግ ሲሆን፣ በረዶ ላይ ግን ይኸው የሥራ ክፍፍል ብዙዎችን ያስፈራል። ፍርሃቱ መሠረት የለውም ባይባልም፣ ያረፈው በተሳሳተ ቦታ ላይ ነው።

ጎማ መንገድን የሚይዝበት ኃይል በፊዚክስ ሰበቃ ይባላል። ጎማው ሳይንሸራተት ሊቋቋመው የሚችለው ኃይል በላዩ ካረፈው ክብደት ጋር ሲነጻጸር የሚገኘው ቁጥር በደረቅ አስፋልት ላይ 0.8 ያህል ሲሆን፣ በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ወደ 0.2፣ እንደ መስታወት በለሰለሰ ግግር በረዶ ላይ ደግሞ ወደ 0.1 ይወርዳል። 1,600 ኪሎ ግራም የሚመዝንና ግማሽ ክብደቱ በኋላ ጎማዎቹ ላይ ያረፈ መኪና በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለመድረስ፣ የሞተሩ ጉልበት ምንም ያህል ቢሆን፣ 22 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በዚያ ፍጥነት ላይ እንኳ ጎማው ወደ መንገዱ ሊያሻግረው የሚችለው ከ50 የፈረስ ጉልበት አይበልጥም። የ400 የፈረስ ጉልበት ባለቤት እንግዲህ የቀረውን 350 የገዛው ለበጋ ነው ማለት ይቻላል።

ሞተሩ በፊት ጎማዎች ላይ የተጫነበትና በእነዚያው የሚሳብ መኪና 60 በመቶ ያህል ክብደቱን በሚሠሩት ጎማዎች ላይ ስለሚያሳርፍ በመነሣት ረገድ ጥቂት ይበልጣል፤ አራቱም ጎማ የሚሠሩለት ደግሞ እጥፍ ያህል ይፈጥናል። ብልጫው ግን እዚያው ላይ ያበቃል፤ ምክንያቱም የትኛውም መኪና ፍሬን ሲያዝ የሚያቆሙት አራቱም ጎማዎች ናቸው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና፣ ሾፌሩ ደንግጦ ፍሬን እስኪረግጥ የሚያልፈው ርቀት ሳይቆጠር፣ በደረቅ አስፋልት ላይ በ31 ሜትር ገደማ ሲቆም በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ 126 ሜትር፣ በለሰለሰ ግግር በረዶ ላይም 250 ሜትር ያህል ይፈልጋል። አራቱም ጎማ የሚሠሩለት መኪና ያለ ችግር ስለሚነሣ የመንገዱን ክፋት ከሾፌሩ ይሰውርበታል፤ በኋላ ጎማ የሚገፋው ግን ገና ከመኪና ማቆሚያው ሲወጣ ጭራውን እያወዛወዘ ያስጠነቅቃል፣ ይህም እንደ ጉድለት ብቻ ሊታይ አይገባውም።

ስለዚህ ከሼሌፍቴኦ ከመነሣት በፊት የሚመረመረው ሞተሩ ሳይሆን ጎማው ነው። የስዊድን ሕግ የበረዶ ወቅት የመንገድ ሁኔታ ባለበት ሁሉ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31፣ የበረዶ ጎማ እንዲታሰር ያስገድዳል፤ የጎማው ጥርስ ጥልቀትም ከ3 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። ፈጣን መኪኖች ከፋብሪካ ይዘውት የሚወጡት የበጋ ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ጎማው የተሠራበት ላስቲክ እየደረቀ መንገዱን መያዝ ያቅተዋል፤ የበረዶ ጎማ ግን በብርድ የማይደርቅ ላስቲክ ያለው ሲሆን፣ በጥርሶቹ ላይ የተሰነጠቁት ቀጫጭን መስመሮች በረዶውን በጠርዛቸው ይነክሳሉ። ጎረቤት ፊንላንድ በ1930ዎቹ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ጎማ ያወጣች አገር ናት። በግግር በረዶ ላይ ከሁሉም የሚሻለው ከላስቲኩ ጥቃቅን የብረት ጫፎች የሚወጡለት ባለ ችንካር ጎማ ነው፤ ነገር ግን አስፋልቱን እየፋቀ አቧራ ስለሚያስነሣ ስቶክሆልም በ2010 ሆርንስጋታን ከተባለው ጎዳናዋ አግዳዋለች። በመጠን ረገድ ሰፊው ጎማ ለስላሳ በረዶ ላይ ስለሚንሳፈፍ ጠበብ ያለው ይመረጣል፣ ምንም እንኳ የመኪናውን ግርማ ቢቀንስም።

በዚሁ ጎዳና ላይ ካለችው ከቦሊደን ወዲያ ጥዱ እየበዛ ሰፈሩ እየሳሳ ይሄዳል፤ በደቡብ ስዊድን በብዛት የሚረጨው ጨውም በእነዚህ የሰሜን መንገዶች ላይ ብርዱ ሲበረታ ስለማይሠራ፣ ጎዳናው በማረሻ ተጠርጎ፣ ነጭ ሆኖና ተጠቅጥቆ ይከርማል። ለእንግዳ የሚያስገርመው መንገዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ሳለ ዜሮ አካባቢ ካለው የተሻለ መያዙ ነው፤ ግግር በረዶ ለመቅለጥ ሲቃረብ በላዩ የሚፈጠረው ስስ የውኃ ሽፋን እጅግ ያንሸራትታልና፣ በሰሜን የሚፈራው ሙቀት የጨመረበት ቀን ነው። ፀሐይ ከቀትር በኋላ ብዙም ሳትቆይ ስትጠልቅ፣ ተጓዡ በመንገዱ ዳር ባሉት ዘንጎች ላይ የታሰሩ ጥቁር የፕላስቲክ ከረጢቶችን ያያል፤ እነዚህ አጋዘን በአቅራቢያው መኖሩን የሚያስታውቁ ምልክቶች ስለሆኑ፣ ከረጢት ካለ ፍጥነት መቀነስ ግድ ይሆናል።

በዚህ መንገድ ላይ የአነዳድ ጥበብ የሚባለው በአመዛኙ እግርን ማለስለስ ነው። መኪናው በሁለተኛ ማርሽ ይነሣል፣ ቤንዚኑ ቀስ እየተባለ ይረገጣል፣ ከኩርባ በፊትም ፍጥነቱ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ አስቀድሞ ይቀነሳል። በተለይ ማርሽን በድንገት ማውረድ አደገኛ ነው፤ ሞተሩ ሲይዝ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ በመሆኑ እነርሱ ከተሽከርካሪነት ወደ ተንሸራታችነት ሲለወጡ የመኪናው ጭራ ከፊቱ ሊቀድም ይሻል። ያን ጊዜ እግርን ከቤንዚኑ ላይ በቀስታ አንሥቶ መሪውን ጭራው ወደ ሄደበት አቅጣጫ መመለስ፣ ዓይንንም ከሚፈራው ዛፍ አንሥቶ ወደሚፈለገው መንገድ መላክ ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ስዊድናውያን ለረጅም ጊዜ እንደ ተራ ነገር ይዘውት ኖረዋል። ከ1974 እስከ 1993 የተመረተው ቮልቮ 240 በኋላ ጎማ የሚገፋ የቤተሰብ መኪና ነበር፤ ኩባንያው ይህን አሠራር በ1998 ቢተወውም በ2023 አንድ ሞተር ያላቸውን አንዳንድ የኤሌክትሪክ መኪኖቹን መልሶ ወደ ኋላ ጎማ አዙሯቸዋል። ልምዱ የሚጀምረው ከመንጃ ፈቃድ በፊት ነው፤ ማንኛውም ተማሪ ሆን ተብሎ እንዲያንሸራትት በተዘጋጀ ሜዳ ላይ ፍሬን መያዝንና መሪ ማዞርን ሳይለማመድ ለፈተና አይቀርብም። ከአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጠና ውጭ ከመጡት አብዛኞቹ መንጃ ፈቃዶች ጋር የኢትዮጵያውም፣ ባለቤቱ በነዋሪነት ከተመዘገበ አንድ ዓመት ሲሞላው ስለማያገለግል፣ በአዲስ አበባ ለዓመታት የነዳ ሰው ሳይቀር በዚህ ሜዳ ያልፋል፤ አንድ የልምምድ ቀን ለልዩ ልዩ አገር ሾፌሮች ይህን ያህል እኩልነት መስጠቱ መልካም ሕግ ነው።

አርየፕሎግ ከ3,000 የማይበልጥ ሕዝብ ያላት ስትሆን፣ በበረዶ ወራት ግን ከልዩ ልዩ አገሮች በሚመጡ መሐንዲሶችና ቅርጻቸው እንዳይለይ ዥንጉርጉር ልጣፍ በለበሱ አዳዲስ መኪኖች ትሞላለች፤ የሐይቆቹ በረዶ እየተጠረገና እየተወለወለ የሙከራ መም ይሆናል። ቦሽ የተባለው ኩባንያ በ1978 ለገበያ ያቀረበው ፍሬን ሲረገጥ ጎማ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው መሣሪያ፣ እንዲሁም በ1995 የተከተለውና እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻው በፍሬን እየያዘ መኪናው እንዳይሽከረከር የሚያደርገው የመረጋጊያ ሥርዓት ብስለታቸውን ያገኙት እንዲህ ባለው በረዶ ላይ ነው። ሁለቱም ያለውን ሰበቃ በብልሃት ያከፋፍላሉ እንጂ አዲስ ሰበቃ አይፈጥሩም። በፈጣን መኪኖች ላይ መረጋጊያውን የሚያጠፋ ቁልፍ የሚገኝ ሲሆን፣ በሕዝብ መንገድ ላይ ለመጠቀም አንድ በቂ ምክንያት ብቻ አለ፦ መኪናው ጥልቅ በረዶ ውስጥ ሲቀረቀር ሥርዓቱ የሞተሩን ጉልበት እየቆረጠ መውጫ ስለሚያሳጣው፣ መረጋጊያው ለአፍታ ይጠፋና መኪናው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘ ሲወጣ ወዲያው ይመለሳል።