የመኪና መንቀጥቀጥ እንዴት ይመረመራል?

ሰው ታሞ ወደ ሐኪም ቢሄድ ሐኪሙ መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ‹‹የት ላይ ያምሃል? መቼ መቼ ይነሣብሃል?›› ብሎ ይጠይቀዋል። ሳይጠይቅ መርፌውን ቢያነሣ በሽተኛው ደንግጦ ይወጣል። መኪናችን በታመመች ጊዜ ግን እኛ ይህን ጥያቄ ሳንጠይቅ ‹‹ይህን ዕቃ ለውጥ፣ ያንን ዕቃ ፍታ›› ላለን ሁሉ ኪሳችንን እንከፍታለን። ምናልባት በሽታዋን የምትናገርበት አፍ የላትም ብለን ይሆናል። አላት እንጂ! መንቀጥቀጧ ንግግሯ ነው።

ታናሽ ወንድሜ በአንዲት አሮጌ ሚኒባስ ታክሲ ሦስት ልጆች ያሳድጋል። ባለፈው ክረምት ካምቢዮዋ አርጅቶ ማርሽ አልይዝ ስላለው በአንድ ጋራዥ ሌላ ያገለገለ ካምቢዮ አስገጠመላት። ማርሹ ደኅና መግባት ዠመረ፤ ነገር ግን ፍጥነቷ 60 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ወለሏ ይርበደበዳል፤ 80 ሲደርስ ወንበሩ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። በጋራዡም ‹‹የገዛኸው ካምቢዮ የተበላሸ ነው፤ ሌላ ግዛ›› አሉት። ወንድሜ የወጣለትን እቁብ ይዞ ‹‹ጋሼ፣ ምን ይሻለኛል?›› ሲል አማከረኝ። የልጆቹም የትምህርት ቤት ክፍያ ከዚያው እቁብ የሚወጣ ነበርና ‹‹ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት መኪናይቱን እንጠይቃት›› አልሁት።

ዋናው ጥያቄ አንድ ነው። ይኸውም መንቀጥቀጡ የሚከተለው የሞተሩን ዙር ነው ወይስ የመኪናይቱን ፍጥነት? የሚል ነው። በመኪና ውስጥ የሚሽከረከር ሁሉ የየራሱ አዟዟር አለው። ዙሪያው 2 ሜትር የሆነ ጎማ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰኮንድ 11 ጊዜ ያህል ይዞራል። ከካምቢዮው ተነሥቶ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደው ረጅም ዘንግ ግን፣ ዲፈረንሻሉ አራት ለአንድ ቢሆን፣ በዚያው ሰኮንድ 44 ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ የጎማ ጉድለት ዝግ ያለ መወዛወዝ ሲሆን፣ የዘንግ ጉድለት ግን እንደ ንብ መንጋ የሚያጉረመርም ፈጣን ርግብግብታ ነው።

አንድ እሑድ ማለዳ ከቃሊቲ ወደ ዱከም በሚወስደው መንገድ፣ ቀጥና ጭር ያለ ሥፍራ መርጠን ሦስት ፈተና አደረግን። መጀመሪያ በ70 ኪሎ ሜትር በአራተኛ ማርሽ፣ ቀጥሎም በዚያው ፍጥነት በሦስተኛ ማርሽ ነዳ። የሞተሩ ዙር ጨመረ፤ መንቀጥቀጡ ግን እንደ ነበረ ነው። ሁለተኛ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጎ ለቀቃት። መንቀጥቀጡ አሁንም አልቀረም። (ሞተሩን ማጥፋት ግን ፍሬኑን ስለሚያደነድን ከቶ አይሞከርም።) ሦስተኛ፣ መኪናይቱን አቁሞ ነዳጅ ቢሰጣት ሞተሩ ምንም ሳይንቀጠቀጥ ጮኸ።

እንግዲህ ሞተሩና ፍሪሲዮኑ ነጻ ወጡ። ጎማዎቹን ማንም አልነካቸውም፤ ርግብግብታውም የጎማ አልነበረም። የቀረው ካምቢዮው ሲለወጥ የግድ ተፈትቶ የተመለሰው ረጅሙ ዘንግ ነው።

ይህ ዘንግ ዐንገቱ ላይ ክሮቼራ የሚባል መገጣጠሚያ አለው። በ17ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዙ ሊቅ ሮበርት ሁክ ይህን ዐይነት መገጣጠሚያ አጥንቶት ነበር። ክሮቼራ ጎበጥ ብሎ ሲዞር አዟዟሩ እኩል አይደለም፤ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜም ይዘገያል። ይህን ጉድለት በሌላው ጫፍ ያለው ክሮቼራ ያቃናዋል። የሚያቃናው ግን ሁለቱን የሚይዙት ሹካዎች በአንድ መስመር ሲውሉና የሁለቱም ጉብጠት እኩል ሲሆን ብቻ ነው። ዘንጉ ጥርስ በጥርስ ከሚጋባበት ሥፍራ ተላቆ አንድ ጥርስ ስቶ ቢመለስ፣ አንዱ የሌላውን ጥፋት ማረሙ ይቀርና መንቀጥቀጥ ይሆናል።

በሠፈራችን ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ከሥሯ ገብተው ቢያዩ ሹካዎቹ አልተያዩም። ዘንጉን አላቀቁ፣ አስተካክለው መለሱ፣ ካምቢዮውን የሚሸከመውን ጎማና ቡሎኖቹንም መረመሩ። በማግስቱ በ80 ኪሎ ሜትር ብንነዳ ጸጥ አለች። ወንድሜ የከፈለው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው፤ እቁቡም ለልጆቹ ዋለ።

በእርግጥ ሁልጊዜ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። ዘንጉ ጎብጦ እንደ ሆነ ሚዛኑ መስተካከል አለበት፤ የካምቢዮው መሸከሚያ ጎማ ተጨፍልቆ እንደ ሆነም ይለወጣል። ‹‹ቆይቶ ይተዋታል›› ብሎ መንዳት ግን አይገባም። መንቀጥቀጥ ክሮቼራንና ኩሽኔታን ይበላል፤ በጉዞ ላይ የተሰበረ ክሮቼራም ዘንጉን አስፋልት ላይ ሊጥለው ይችላል።

ከእናንተ መካከል በቁጠባ ወይም በብድር አሮጌ መኪና የሚገዛ አይጠፋምና ይህን አደራ እላለሁ። ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት ሜካኒኩ በዘንጉ መጋጠሚያዎች ላይ በቀለም ምልክት እንዲያደርግ ለምኑት። ከተመለሰ በኋላ ብትንቀጠቀጥም በስንት ኪሎ ሜትር፣ በየትኛው ማርሽ፣ ማርሹ ዜሮ ሲሆንስ እንዴት እንደምትሆን በወረቀት ጽፋችሁ ወደ ጋራዥ ሂዱ። ያን ወረቀት ሳያነብ ‹‹ሌላ ካምቢዮ ግዙ›› የሚላችሁ ቢኖር፣ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ወደ ሌላ ሂዱ።