ወለላችን የማን ጣሪያ ነው?

እንደሚታወቀው ከመካከላችን ብዙዎቻችን በከተማው ቤት ተከራይተን ነው የምንሠለጥነው። እኛም አራት ሆነን በሶዶ ካሉት የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ይዘናል። በመስኮታችን የዳሞታ ተራራ ይታያል። የገባን ዕለት «ከጭቃ ቤት ተገላገልን!» ብለን ነበር። ደስታችን ግን ብዙም አልዘለቀ።

አንድ ምሽት ለማስተማር ልምምድ የትምህርት ዕቅድ ስናዘጋጅ ከጣሪያው ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ዝናብ መስሎን ወደ ውጭ ብናይ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ለካስ ከላይኛው ቤት መታጠቢያ ኖሯል። ተናደን ወጣን። የላይኛው ጐረቤታችንም እንደኛው ተከራይ ናቸው። «ምን ላድርግ ልጆቼ? ባለቤቱ ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ ብደውል አያነሱም» አሉን።

እያጉረመረምን ስንወርድ ከእኛ ሥር የሚኖሩት እማማ ደረጃው ላይ አገኙን። «የእናንተስ ዛሬ ነው የጀመረው። እኔ ቤት ከእናንተ የሚወርደው ሦስት ወር ሆነው» አሉን፤ ሳይቆጡ። ገብተን አየን። ውሃው ከመታጠቢያው ግድግዳ ተሻግሮ የክፍሉን ጣሪያ አሻግቶታል። አልጋቸውን ወደ በሩ ስበውታል። አልጋው ላይ የልጅ ልጃቸው ተኝታ ታስላለች። «ተማሪዎች ናቸው፣ ምን ብዬ ላስቸግራቸው ብዬ ነው» አሉ። አፈርን። በየቅዳሜው ልብስ አጥበን ባልዲውን ወለሉ ላይ የምንገለብጠው እኛው ነበርን።

ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው? ኮንዶሚኒየም በብዙ ቦታ ለባለ ዕጣው የሚሰጠው የውስጥ ሥራው ተሟልቶ ሳያልቅ ነው። ወለሉንና ልስኑን ባለ ዕጣው በራሱ ገንዘብ ያስጨርሳል። አንዱ ግድግዳ ያፈርሳል፣ ሌላው የቧንቧ መስመር ያዛውራል፤ ወለሉ ሲሰበር ውሃ የሚከለክለው ሽፋንም አብሮ ይሰበራል። ሲሠራም ኮንክሪቱ በቂ ቀን ውሃ ሳይጠጣ ደርቆ ከሆነ ይሰነጠቃል። ይህ ሁሉ ጉድ ደግሞ በሴራሚክና በቀለም ስለሚሸፈን የሚታወቀው ሰው ከገባበት በኋላ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ብዙም ሳይቆይ የመንግሥት ኮንዶሚኒየም ግንባታ በአዲስ አበባ ተጀመረ፤ ቀጥሎም ወደ ክልል ከተሞች ወጣ። በአዋጁ መሠረት ባለቤቱ የሚይዘው የግል ቤቱን ብቻ አይደለም፤ በደረጃው፣ በጣሪያው፣ በግቢው ሁሉ ድርሻ አለው። ባለቤቶቹ ማኅበር አቋቁመው ለጋራው ነገር መዋጮ ማውጣት አለባቸው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የማኅበሩ አባል ባለቤቱ ነው፤ ደረጃውን የሚረግጠው ግን ብዙውን ጊዜ ተከራይ ነው። ባለቤቱ ሩቅ፣ ተከራዩ ሂያጅ፤ የጋራው ነገር በመካከል ጧሪ ቀባሪ ያጣል።

ይህ ዓይነቱ ነገር በአገራችን አዲስ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ የከተማ ቤቶች በአዋጅ ከተወረሱ በኋላ ስንቱ የቀበሌ ቤት አረጀ! ተከራዩ «የመንግሥት ነው» አለ፤ ቀበሌው «ኪራዩ ለጥገና አይበቃም» አለ፤ ጣሪያው ግን ማንንም ሳይጠብቅ ዘመመ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የሕንፃው ሰው ግቢ ውስጥ ተሰበሰበ። ብዙዎቻችን «እኛ ተከራይ ነን፣ ምን አገባን?» ስንል አንድ አዛውንት ተነሡ። «ለጊፋታ በሬ ለመግዛት ዓመቱን ሙሉ አብረን እናጠራቅም የለም እንዴ? በሬው ሲታረድ ማን ከድርሻው ይጐድላል? ለበሬ የተስማማን ሰዎች ለቧንቧ እንዴት ያቅተናል?» ቢሉ ሁላችንም ሳቅን። ወዲያው ግን ከኋላ አንድ ድምፅ «ያለፈው መዋጮስ የት ደረሰ?» አለ። ሳቁ ቆመ። ኮሚቴው አጐነበሰ።

እውነት ነው፣ ሰው ያላየውን ሒሳብ አያምንም። በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በአዲስ አበባ የወጣው የኮንዶሚኒየም ዕጣ በመረጃው ላይ ማጭበርበር ተገኝቶ ተሰርዞ፣ በ2015 ዓ.ም. ኅዳር እንደገና መውጣቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። በትልቁ ከተማ ብዙ ሰው የሚጠብቀው ዕጣ እንዲህ ከሆነ፣ በትንሹ ሕንፃ የተደበቀች አንዲት ደብተርም ጐረቤትን ከጐረቤት ታለያያለች። ስለዚህ ተከራዩም እንዲዋጣ፣ ሒሳቡም በየወሩ መጨረሻ በደረጃው ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ተስማማን። ጽሑፉን እንድንጽፍ የተመረጥነውም እኛ ነን፤ «የግድግዳ ጋዜጣ ለምዳችሁ የለ» ተባልን።

የቤታችን ባለቤት የጥገናውን ግማሽ ከኪራዩ እንድንቀንስ በስልክ ፈቀዱልን። ወለሉን አስቆፍረን የተሰበረውን ቱቦ አስቀየርን፤ ልብሳችንንም አሁን የምናጥበው ግቢ ወርደን ነው። የእማማ ጣሪያ ደርቋል። ልጅቱም ሰሞኑን ሳትስል አገኘናት። የእኛ ጣሪያ ግን አሁንም ያንጠባጥባል፤ የላይኛው ቤት ባለቤት እስከ ዛሬ ስልክ አላነሡም። ሳህን ደቅነንበታል።

ውድ ሠልጣኞችና መምህራን፣ ነገ በየወረዳው ስንመደብ የሚጠብቀን ትምህርት ቤትም የጋራ ቤት ነው። የተሰበረ ወንበር፣ የሚያፈስ ቆርቆሮ፣ የጠፋ የቧንቧ ቁልፍ አይታጣበትም። ያን ጊዜ «የማን ሥራ ነው?» ብለን ወደ ላይ ከመጮኻችን በፊት፣ ከእኛ ሥር ማን ዝም ብሎ እንደተኛ ወርደን እንይ። እኛ ለማየት ሦስት ወር ፈጅቶብናል።