ከመቅደስ የወጣ ቋንቋ

በኢጣልያ ደቡብ፥ በካላብርያ አውራጃ፥ አስፕሮሞንቴ በሚባለው ተራራ ላይ ጋሊቻኖ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ከባሕር ጠለል ከ600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፥ ከአሜንዶሌያ ወንዝ ሸለቆ በላይ ተቀምጣለች። ወደዚያ የወሰደኝም ሕዝቧ ኢጣልያውያን ሲሆኑ የአባቶቻቸው ቋንቋ ግሪክኛ ነው ሲባል መስማቴ ነው።

ሊቃውንት በአመጣጡ አይስማሙም፤ እኩሌቶቹ ከጌታ ልደት አስቀድሞ በዚያ ከሰፈሩት ግሪኮች የቀረ ነው ሲሉ፥ እኩሌቶቹ በቢዛንታይን ነገሥታት ዘመን የገባ ነው ይላሉ። በአጠገቧ ባለችው በቦቫ ሀገረ ስብከት እስከ 16ኛው መቶ ዓመት ድረስ በግሪክኛ ይቀደስ ነበር፤ በዚያው መቶ ዓመት ግን ላቲን ተተካበት። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍና መምህር አጥቶ በእረኛና በገበሬ አፍ ብቻ ቀረ። ጎረቤቷ ሮጉዲም በፈረንጆች አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. ከደረሰው ጎርፍ በኋላ ባድማ ሆነች፤ ሕዝቧም ተበተነ።

በጋሊቻኖ አንዲት ባልቴት በደጃፏ ተቀምጣ አገኘሁ። ውሃ ብለምናት «ኔሮ» ብላ በግሪክኛ ስሙን እየጠራች አቀረበችልኝ። ፍየሎቿን በግሪክኛ ትጠራለች፤ የልጅ ልጇን ግን በኢጣልያንኛ። ምክንያቱን በአስተርጓሚ ብጠይቃት፥ «እኛ በትምህርት ቤት በዚህ ቋንቋ ስንናገር ይሥቁብን ነበር፤ ልጆቼ እንዳያፍሩ ብዬ አላስተማርኋቸውም» አለችኝ። በ1999 ዓ.ም. በዚያው አቈጣጠር የኢጣልያ መንግሥት ለቋንቋው የሕግ ጥበቃ ሰጥቶታል፤ ነገር ግን ሕግ እንደ እናት ልጅን በጭኑ አስቀምጦ ቃል አያስይዝም።

እኔም በሰሙነ ሕማማት ስንሰግድ የምንለውን «ኪርያላይሶን» አሰማኋት። «ይህማ የላቲን ቅዳሴ ቃል ነው» አለች። የገዛ አባቶቿ ቃል መሆኑን አላወቀችም።

ወደ ማደሪያዬ ስመለስ ይህን አሰብሁ፤ የእነርሱ ግሪክኛ ከመቅደስ ወጥቶ በበረት ቀረ፥ የእኛ ግእዝ ከቤትና ከገበያ ወጥቶ በመቅደስ ቀረ። መቅደስ ከጠበቀው ይበቃል ስል ኖሬአለሁ። ነገር ግን እኔ የሰውን ልጅ ቅኔ ሳስቈጥር፥ የራሴን ልጅ «የዘመኑ ትምህርት ይበጅሃል» ብዬ ከግእዝ አርቄዋለሁ። ባልቴቲቱን በልቤ የወቀስሁባት ነገር በእኔም ላይ ተገኘ።

ከተመለስሁ ጀምሮ ማታ ማታ ልጄን ግስ አስጠናዋለሁ። መሰልቸቱን ባላጣውም እስካሁን አልተወውም። ከቀተለ ጀምረን ቀደሰ ላይ ደርሰናል።